ቨርቹዋልቦክስ ላይ ኔትወርክ እምቢ ላላችሁ፦ ኡቡንቱ ላይ ደረጃ በደረጃ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲቃረብ ላፕቶፕ ታቅፈው የሚመጡ ተማሪዎች ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ቨርቹዋል ማሽኑ ተነሥቷል፣ ኢንተርኔት ግን እምቢ አለ።» ስከፍተው አብዛኛውን ጊዜ «ብሪጅድ አዳፕተር» ተመርጦ አገኘዋለሁ። ያዩት ቪዲዮ ላይ እንደዚያ ስለተባለ ነው። ቪዲዮውን የሠራው ሰው ግን ቤቱ ካለ ራውተር ጋር በኬብል ተገናኝቶ ነው የሚሠራው። የእኛ ልጅ ጠዋት በስልክ ሆትስፖት፣ ከሰዓት በግቢ ዋይፋይ፣ ማታ ከጓደኛው በተዋሰው ዶንግል ነው። ብሪጅድ ደግሞ ከአንድ የኔትወርክ ካርድ ጋር የሚጋባ ነገር ነው። ካርዱ ሲቀየር ቪኤሙ (ቨርቹዋል ማሽኑ) ሜዳ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ እዚህ የማሳያችሁ ባለ ሁለት ካርድ አሠራር ነው። አንደኛው ካርድ «ናት»፣ ሁለተኛው «ሆስት ኦንሊ»። ብሪጅድን መጨረሻ ላይ አነሣዋለሁ፣ እሱም ኬብል ላለው ሰው ብቻ።

«ሆስት» የምለው ኡቡንቱ የተጫነበትን እውነተኛውን ኮምፒውተር ነው። «ቪኤም» የምለው በውስጡ ቨርቹዋልቦክስ በሚባለው ፕሮግራም የምታስነሡትን ሌላ ማሽን። የሜኑና የትእዛዝ ስሞችን በሚነበቡበት ድምፅ ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናል ላይ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል ጻፏቸው። ለምሳሌ የምጠቀምባቸው ሁለት ቪኤሞች «ጮቄ» እና «ጣና» ናቸው። ጮቄ ሰርቨሩ ነው፣ ውኃው ከዚያ ይነሣልና።

ሥዕሉን መጀመሪያ ያዙ

ሆስቱን ዋናው ቤት፣ ቪኤሞቹን ሰርቪስ ቤት አድርጋችሁ አስቡ።

«ናት» ሰርቪሱ በር ላይ ዘበኛ ሲቆም ነው። ውስጥ ያለው እንደልቡ ይወጣል። ከውጭ የመጣ ግን ለዘበኛው ካልተነገረ አይገባም። ቨርቹዋልቦክስ ለእያንዳንዱ ቪኤም የየራሱን ዘበኛ ስለሚያቆም ቪኤሞቹ እርስ በርስ አይተያዩም።

«ሆስት ኦንሊ» በዋናው ቤትና በሰርቪሶቹ መሃል ያለ የጓሮ በር ነው። ወደ መንገድ አያወጣም። ኢንተርኔት ጨርሶ በጠፋ ቀን ግን እሱ ይሠራል፣ ይህን አትርሱ።

«ብሪጅድ» ሰርቪሱ የራሱን በር ቀጥታ ወደ አስፋልቱ ሲከፍት ነው። አስፋልቱ ሌላ ቦታ ከሄደ በሩ ገደል ላይ ይከፈታል።

ደረጃ 1፦ ዝግጅት

እዚህ የተዘለለች ነገር ደረጃ 3 ላይ ታስለቅሳለች። አትቸኩሉ።

1. ጥሩ ኔት ባለበት ቦታ ሆናችሁ ሁሉንም ነገር አውርዱ። የኡቡንቱ ሰርቨር ፋይል ብቻውን ከ2 ጊጋ በላይ ነው። በስልክ ጥቅል አትሞክሩት።

2. ተርሚናል ክፈቱና «ሱዶ አፕት አፕዴት» በሉ። ቀጥላችሁ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቨርቹዋልቦክስ»። ኡቡንቱ 24.04 ላይ የሚመጣላችሁ ከ7.0 ተከታታይ ነው። ይበቃል።

3. ኮምፒውተሩ ላይ ሴክዩር ቡት (ያልተፈረመ ሶፍትዌር ሲነሣ የሚከለክለው) በርቶ ከሆነ፣ ሲጫን መሃል ላይ አዲስ የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል። ከ8 ፊደል የማያንስ ስጡትና ወረቀት ላይ ጻፉት። ሪስታርት ሲያደርግ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ቶሎ አንድ ቁልፍ ተጫኑ፣ «ኤንሮል ሞክ»፣ «ኮንቲኒዩ»፣ «የስ»፣ ከዚያ የጻፋችሁት ቃል።

ይህ ሰማያዊ ስክሪን የሚጠብቀው ለ10 ሰከንድ ያህል ነው። ቡና ልታመጡ ከሄዳችሁ አልፏችኋል። ኮምፒውተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይነሣል፣ ቨርቹዋልቦክስ ግን አይሠራም። ቀላሉ መፍትሔ ባዮስ ገብቶ ሴክዩር ቡትን ማጥፋት ነው። ማስጠንቀቂያ፦ ጎን ለጎን ዊንዶውስ ካላችሁና ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ከበራ፣ ሴክዩር ቡት ሲነካ ዊንዶውሱ የሪከቨሪ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ቁልፉን ሳትይዙ ባዮስ አትንኩ።

4. ሞጁሎቹ (ቨርቹዋልቦክስን ከሆስቱ ሲስተም ጋር የሚያገናኙት ቁርጥራጮች) መነሣታቸውን አረጋግጡ። «ኤልኤስሞድ | ግሬፕ ቪቦክስ» ብላችሁ ኤንተር። በቪ-ቦክስ የሚጀምሩ ሦስት ስሞች መምጣት አለባቸው፦ አንዱ በዲ-አር-ቪ፣ አንዱ በኔት-ኤፍ-ኤል-ቲ፣ አንዱ በኔት-ኤ-ዲ-ፒ የሚጨርስ። የመጀመሪያው ሞተሩ ነው። ሁለተኛው ለብሪጅድ፣ ሦስተኛው ለሆስት ኦንሊ ነው። አንዱ ከጎደለ «ሱዶ ሞድፕሮብ» ብላችሁ የጎደለውን ስም አስከትሉ። «ኪ ሪጀክትድ» የሚል መልስ ከሰጣችሁ ችግሩ ሴክዩር ቡት ነው፣ ወደ 3 ተመለሱ።

5. ሆስቱ ራሱ ኔት አለው ወይ? «ፒንግ 8.8.8.8» በሉ። ለማቆም ኮንትሮልና ሲ።

6. የሆስቱን ሰዓትና ቀን እዩ። ቀልድ አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሿ ባትሪ የሞተችበት ዴስክቶፕ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ከዓመታት በፊት ወደነበረበት ይመለሳል። ቪኤሙ ሲነሣ ሰዓቱን የሚወስደው ከሆስቱ ነው። ቀኑ ከተሳሳተ ፒንግ እየሠራ ብራውዘሩ «ሰርተፊኬቱ ልክ አይደለም» ይላል። ሰው ሙሉ ቀን ኔትወርክ ሲፈታና ሲገጥም ይውላል። መፍትሔው አንድ አዲስ ባትሪ ነው።

ደረጃ 2፦ ካርድ 1 በ«ናት»

1. ጮቄን ፈጥራችሁ ኡቡንቱ ሰርቨር ከጫናችሁበት በኋላ፣ ቪኤሙን ሙሉ በሙሉ አጥፉ። «ሴቭ ስቴት» ማጥፋት አይደለም። በዚያ ሁኔታ አዲስ ካርድ መጨመሪያው ደብዝዞ አይነካም።

2. ጮቄን ምረጡ፣ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ኔትወርክ»። «አዳፕተር 1» ላይ «ኢኔብል ኔትወርክ አዳፕተር» የምትለዋ ሳጥን ምልክት ይኑራት። «አታችድ ቱ» የሚለው ላይ «ናት» ምረጡ። ከእሱ በታች «ናት ኔትወርክ» የሚባል ሌላ አለ። እሱ አይደለም፣ አታምታቱት።

3. «አድቫንስድ» የሚለውን ዘርጉት። 7.1 ወይም ከዚያ በላይ ከጫናችሁ ይህ የሚታየው «ኤክስፐርት» ስትሉ ነው። «ኬብል ኮኔክትድ» ላይ ምልክት መኖሩን እዩ። ይህችን ሳጥን ቆይቼ እመለስባታለሁ።

4. ቪኤሙን አስነሡና ውስጡ «አይፒ ኤ» በሉ። የመጀመሪያው ካርድ ስሙ ኢ-ኤን-ፒ-0-ኤስ-3 ነው። አይፒው (የኔትወርክ አድራሻው) 10.0.2.15 መሆን አለበት።

ጣናንም እንዲሁ ብታደርጉ እሱም 10.0.2.15 ይላል። «ሁለቱ አንድ አይፒ ያዙ፣ ተጋጩ» ብላችሁ አትደንግጡ። እያንዳንዱ በየራሱ ዘበኛ ጀርባ ስለሆነ አይገናኙም፣ አይጋጩም።

5. አሁን ከቅርብ ወደ ሩቅ ፈትሹ። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ፣ ችግሩ የት እንዳለ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

«ፒንግ 10.0.2.2»። ይህ ዘበኛው ነው። ካልመለሰ ችግሩ ቪኤሙ ውስጥ ወይም ሴቲንጉ ላይ ነው። ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም፣ ጥቅል አትግዙ።

«ፒንግ 8.8.8.8»። ዘበኛው መልሶ ይህ እምቢ ካለ መጀመሪያ ሆስቱ ላይ ተመሳሳዩን ሞክሩ። ሆስቱም ከሌለው ጥፋቱ የቪኤሙ አይደለም። ሆስቱ ካለውና ቪኤሙ ከሌለው፣ አንድ ጊዜ «ሱዶ አፕት አፕዴት» ሞክሩ። በናት ውስጥ ፒንግ አንዳንዴ ያታልላል። ፒንግ ዝም ብሎ አፕት የሚሠራበት ጊዜ አለ።

በመጨረሻ አንድ የድረ ገጽ ስም ፒንግ አድርጉ። ቁጥሩ እየሠራ ስሙ ካልሠራ ችግሩ ዲኤንኤስ (ስሙን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው) ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቪኤሙ በርቶ እያለ ሆስቱን ከዋይፋይ ወደ ስልክ ስትቀይሩት ነው። ቪኤሙ የድሮውን አድራሻ ይዞ ይቀራል። በቪኤሙ መስኮት «ዲቫይስስ»፣ «ኔትወርክ»፣ «ኮኔክት ኔትወርክ አዳፕተር» የሚለውን አጥፉና መልሳችሁ አብሩት። ኬብል ነቅሎ እንደ መሰካት ነው። ካልተፈታ ቪኤሙን ሪስታርት አድርጉ።

ጥቅላችሁን አድኑ

ደረጃ አይደለም፣ ግን እዚህ ካልተናገርኩ ትረግሙኛላችሁ። አንድ ምሽት የዊንዶውስ ቪኤም በሆትስፖት ከፍቼ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ ሳምንታዊ ጥቅሌ አልቋል። ዊንዶውሱ ሌሊቱን አፕዴት ሲያወርድ አድሯል።

ስለዚህ ኢንተርኔት የማያስፈልገው ሥራ ስትሠሩ «ኬብል ኮኔክትድ» የምትለዋን የካርድ 1 ሳጥን አጥፏት። ቪኤሙ በርቶም ይቻላል። ሁለተኛው ካርድ አይነካም፣ ከሆስቱ ጋር ያላችሁ ግንኙነት ይቀጥላል። ዊንዶውስ ቪኤም ከሆነ ደግሞ ኔትወርክ ሴቲንጉ ውስጥ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩለት። የኡቡንቱ ቪኤምም ንጹሕ አይደለም፣ የደኅንነት አፕዴት ሳያማክራችሁ ያወርዳል።

ደረጃ 3፦ ካርድ 2 በ«ሆስት ኦንሊ»

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ቀስ ብለን እንሂድ።

ሀ. መረቡን መፍጠር

1. በቨርቹዋልቦክስ ዋና መስኮት «ፋይል»፣ «ቱልስ»፣ «ኔትወርክ ማናጀር»። «ሆስት ኦንሊ ኔትወርክስ» በሚለው ሥር «ክሪኤት» ተጫኑ። ቪ-ቦክስ-ኔት-0 የሚባል ይወለዳል። አድራሻው 192.168.56.1 ይሆናል። ይህ በጓሮው በር በኩል የሆስቱ አድራሻ ነው።

2. «ዲኤችሲፒ ሰርቨር» በሚለው ክፍል «ኢኔብል ሰርቨር» ላይ ምልክት አድርጉና «አፕላይ» በሉ። ከ192.168.56.101 እስከ 192.168.56.254 ያሉትን አይፒዎች ለቪኤሞቹ ያድላል።

አድራሻውን ወደ 10.10.10.1 ወይም ወደሚያምራችሁ ሌላ ቁጥር ለመቀየር አትሞክሩ። ከ6.1.28 ስሪት ወዲህ ቨርቹዋልቦክስ ሊኑክስ ላይ በነባሪ የሚፈቅደው ከ192.168.56.0 እስከ 192.168.63.255 ድረስ ያለውን ብቻ ነው። ከዚያ ከወጣችሁ «አክሰስ ዲናይድ» የሚል ስሕተት ይወረውርባችኋል።

መረቡ አልፈጠር ካለና ስለ ቪ-ቦክስ-ኔት-ሲ-ቲ-ኤል የሚያወራ ስሕተት ከመጣ፣ ሞጁሉ አልተነሣም። «ሱዶ ሞድፕሮብ» ብላችሁ ቪ-ቦክስ-ኔት-ኤ-ዲ-ፒ የሚለውን አስከትሉና ደግማችሁ ሞክሩ።

ለ. ካርዱን መግጠም

ቪኤሙን አጥፉ። «ሴቲንግስ»፣ «ኔትወርክ»፣ «አዳፕተር 2»። አብሩት፣ «ሆስት ኦንሊ አዳፕተር» ምረጡ፣ ስሙ ላይ ቪ-ቦክስ-ኔት-0 ይታያል። ካርድ 1ን አትንኩት። «አንዱ ከበቃኝ ብዬ ናቱን ቀየርኩት» የሚል አለ። ከዚያ ኢንተርኔት የለም።

ሐ. ቪኤሙ ውስጥ ማስነሣት

ቪኤማችሁ ኡቡንቱ ዴስክቶፕ ወይም ዊንዶውስ ከሆነ ካርዱን ራሱ ያገኘዋል፣ እስከ ተራ ቁጥር 7 ዝለሉ። ኡቡንቱ ሰርቨር ከሆነ ግን «አይፒ ኤ» ስትሉ ኢ-ኤን-ፒ-0-ኤስ-8 የሚባል አዲስ ካርድ ታያላችሁ፣ አይፒ ግን የለውም። አልተበላሸም። ሰርቨሩ ሲጫን ያልነበረ ካርድ ስለሆነ ማንም አልነገረውም። እንንገረው።

1. መጀመሪያ ስናፕሾት (ቢበላሽ የምትመለሱበትን የቪኤሙን ቅጂ) ውሰዱ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

2. «ሲዲ /ኢቲሲ/ኔትፕላን» ብላችሁ ግቡ። «ኤልኤስ» በሉ። 24.04 ላይ በ50፣ 22.04 ላይ ብዙ ጊዜ በ00 የሚጀምር አንድ ፋይል አለ።

3. «ሱዶ ናኖ 50» ብላችሁ ታብ ተጫኑ። የቀረውን ስም ራሱ ይሞላዋል። ኤንተር።

4. ኢ-ኤን-ፒ-0-ኤስ-3 የሚለውን መስመርና ከሥሩ ያለውን «ዲኤችሲፒ4፦ ትሩ» የሚለውን ታያላችሁ። ሁለቱን መስመሮች ከሥራቸው ደግማችሁ ጻፉ። በአዲሱ ላይ 3ን ወደ 8 ቀይሩ። ሌላ ምንም አትቀይሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ፋይል ስለ ክፍት ቦታ ሲበዛ ቁጡ ነው። አዲሱ ካርድ ከአሮጌው ጋር በቀጥታ መስመር አንድ ዓምድ ላይ መጀመር አለበት። ታብ ክልክል ነው፣ ስፔስ ብቻ። ከስሙ ቀጥሎ ያለችዋ ሁለት ነጥብም እንዳትረሳ፣ የእንግሊዝኛዋን እንጂ የአማርኛዋን አይደለም።

5. ኮንትሮልና ኦ፣ ኤንተር፣ ኮንትሮልና ኤክስ።

6. «ሱዶ ኔትፕላን ትራይ»። «አፕላይ» የሚለው አለ፣ ግን «ትራይ»ን ልመዱ። ከሠራ ኤንተር ትጫናላችሁ። ካልተጫናችሁ በ120 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቀድሞው ይመልሳችኋል።

ስሕተት ካወጣ የመስመር ቁጥሩን ይነግራችኋል። ከመቶ ጊዜ ዘጠና ዘጠኙ ስፔስ ነው ብል አልተጋነነም። ፋይሉ ለሁሉም ክፍት ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ብቻ ከሆነ ግን ሥራውን አያቆምም። ዝም ማሰኘት ከፈለጋችሁ «ሱዶ ሲኤች-ሞድ 600» ብላችሁ የፋይሉን ስም አስከትሉ።

7. «አይፒ ኤ»። አሁን ካርድ 8 (ኢ-ኤን-ፒ-0-ኤስ-8) ላይ 192.168.56.101 ወይም ቀጣዩ ይኖራል። ከሆስቱ ተርሚናል ይህን ቁጥር ፒንግ አድርጉ።

ሊኑክስ ቪኤም ሆኖ ካልመለሰ፣ ሆስቱ ላይ «አይፒ ኤ» ብላችሁ ቪ-ቦክስ-ኔት-0 192.168.56.1ን መያዙን እዩ። ዊንዶውስ ቪኤም ሆኖ ካልመለሰ ተረጋጉ። የዊንዶውስ ፋየርዎል ፒንግን በነባሪ ይከለክላል። ተቃራኒውን ሞክሩ፣ ከዊንዶውሱ ወደ 192.168.56.1። እሱ ከሠራ መንገዱ ክፍት ነው።

መ. ቋሚ አይፒ

ሰርቨር አድራሻው በየቀኑ ቢቀያየር ማን ያገኘዋል? ለጮቄ 192.168.56.10 እንስጠው። ከ101 በታች ስለሆነ ከሚታደሉት ጋር አይጋጭም።

ያንኑ ፋይል ክፈቱ። በካርድ 8 ሥር ያለውን «ትሩ» ወደ «ፎልስ» ቀይሩ። ከሥሩ፣ በዚያው ዓምድ፣ «አድሬስስ» ብላችሁ ጻፉ፣ በእንግሊዝኛው የብዙ ቁጥር በኢ-ኤስ ያልቃል። ሁለት ነጥብ፣ ስፔስ፣ ከዚያ [192.168.56.10/24]። «ኔትፕላን ትራይ»።

አሁን ልብ በሉ። እዚህ ካርድ ላይ ጌትዌይ (የመውጫ በር አድራሻ) አትጻፉ። ፈጽሞ። «ፎርሙ ላይ ክፍት ቦታ ስላለ 192.168.56.1ን ሞላሁበት» የሚሉኝ ብዙ ናቸው፣ በተለይ ዴስክቶፕና ዊንዶውስ ላይ። ጌትዌይ ስትሰጡት ቪኤሙ «ወደ ኢንተርኔት መውጫው በጓሮው በር ነው» ብሎ ሊያምን ይችላል። የጓሮው በር ደግሞ መንገድ የለውም። ትናንት ይሠራ የነበረው ኔት ዛሬ ድንገት ከጠፋ መጀመሪያ ይህን እዩ። «አይፒ አር» በሉ። በ«ዲፎልት» የሚጀምረው መስመር አንድ ብቻ፣ እሱም 10.0.2.2 የሚል መሆን አለበት።

ደረጃ 4፦ ጣናን ከጮቄ መቅዳት

ሁለት ጊዜ ከመጫን «ክሎን» ይቀላል። ግን ሁለት ወጥመድ አለው።

የመጀመሪያው የማክ አድራሻ (የእያንዳንዱ ካርድ መለያ ቁጥር) ነው። ክሎን ስታደርጉ «ማክ አድሬስ ፖሊሲ» የሚል ምርጫ ይመጣል። «ጄኔሬት ኒው» የሚለውንና «ኦል ኔትወርክ አዳፕተርስ» የሚለውን ምረጡ። ካለፋችሁ፣ ቪኤሙን አጥፍታችሁ በኔትወርክ ሴቲንጉ ውስጥ ከማክ አድራሻው ጎን ያለችውን ክብ ቀስት ተጫኑ፣ ለሁለቱም ካርዶች።

ሁለተኛው ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። ማኩን ቀይራችሁም ሁለቱ ቪኤሞች አንድ ዓይነት 192.168.56.101 ሊወስዱ ይችላሉ። ኡቡንቱ ሰርቨር አይፒ ሲጠይቅ ራሱን የሚያስተዋውቀው በማኩ ሳይሆን «ማሽን አይዲ» በሚባል ቁጥር ነው፣ ክሎኑ ደግሞ ያንኑ ቁጥር ይዞ ተወልዷል። ጣና ውስጥ ገብታችሁ «ሱዶ ትራንኬት -ኤስ 0 /ኢቲሲ/ማሽን-አይዲ» በሉ፣ ከዚያ ሪስታርት። ፋይሉን ባዶ አድርጉት እንጂ አትሰርዙት። ሲነሣ አዲስ ቁጥር ራሱ ይሞላበታል።

ጮቄ ላይ ቋሚ አይፒ ከሰጣችሁ በኋላ ከቀዳችሁት ጣናም 192.168.56.10 ይዟል። ወደ 192.168.56.11 ቀይሩት። ሁለቱን አስነሡና ከጣና ጮቄን ፒንግ አድርጉ።

ደረጃ 5፦ ሌላ ሰው እንዲያየው ከፈለጋችሁ

እስካሁን ጮቄን የሚያዩት ሆስቱና ጣና ብቻ ናቸው። ፕሮጀክታችሁን ጓደኛችሁ በስልኩ እንዲከፍተው ከፈለጋችሁ ለዘበኛው መንገር ነው። «በዚህ ቁጥር የመጣ እንግዳ ወደ ውስጥ ይግባ» ማለት።

1. ካርድ 1፣ «አድቫንስድ»፣ «ፖርት ፎርዋርዲንግ»። የመደመር ምልክቷን ተጫኑ።

2. «ሆስት ፖርት» ላይ 8080፣ «ጌስት ፖርት» (የቪኤሙ) ላይ 80። ሁለቱን የአይፒ ቦታዎች ባዶ ተዉ።

3. የሆስቱን የዋይፋይ አይፒ በ«አይፒ ኤ» እዩ። ለምሳሌ 192.168.8.105 ከሆነ፣ ጓደኛችሁ ስልኩ ብራውዘር ላይ 192.168.8.105:8080 ይጽፋል። ሁለታችሁም አንድ ዋይፋይ ላይ መሆን አለባችሁ።

አንድ ተማሪ ማቅረቢያው ዋዜማ ማታ ደውሎልኝ ነበር። ሆስት ፖርቱን 80 ብሎት ነው፣ «ያለ ቁጥር እንዲያምር»። ሊኑክስ ላይ ከ1024 በታች ያሉትን ፖርቶች ተራ ተጠቃሚ መያዝ አይችልም። ቨርቹዋልቦክስም የሚሮጠው በተራ ተጠቃሚ ነው። 8080 አደረገው፣ ተኛ።

ሆስቱ ላይ ራሱ 127.0.0.1:8080 እየከፈተ ስልኩ ላይ እምቢ ካለ፣ የሆስቱ ፋየርዎል በርቷል ማለት ሊሆን ይችላል። «ሱዶ ዩኤፍደብሊው ስታተስ» በሉ። «አክቲቭ» ካለ «ሱዶ ዩኤፍደብሊው አላው 8080»። ይህም ሆኖ እምቢ የሚልባቸው የግቢና የሆቴል ዋይፋዮች አሉ። ተጠቃሚዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ የሚያግዱ ናቸው። ከእነሱ ጋር አትታገሉ። የስልካችሁን ሆትስፖት ክፈቱና ላፕቶፑንም የጓደኛችሁንም ስልክ እሱ ላይ አገናኙ።

ደረጃ 6፦ ብሪጅድ፣ ኬብል ካላችሁ ብቻ

ቢሮ ውስጥ ራውተር አለ፣ ሆስቱ በኬብል ተያይዟል፣ ቪኤሙ እንደ አንድ የቢሮ ኮምፒውተር እንዲታይ ትፈልጋላችሁ። ያኔ ብሪጅድ ትክክለኛው ነው።

ቪኤሙን አጥፉ። ካርድ 1ን ወደ «ብሪጅድ አዳፕተር» ቀይሩ። ከሥሩ የካርዱን ስም ምረጡ። በኢ-ኤን-ፒ ወይም በኢ-ኤን-ኦ የሚጀምረው ኬብሉ ነው። በደብሊው-ኤል የሚጀምረው ዋይፋይ ነው። ኢ-ኤን-ኤክስ ብሎ ረጅም ቁጥር የሚያስከትለው በዩኤስቢ የተሰካ ስልክ ወይም ዶንግል ነው። ቪኤሙን ስታስነሡ አይፒው ከራውተሩ ይመጣል፣ ከሆስቱ ጋር ተመሳሳይ አጀማመር ይኖረዋል።

«ኢንተርፌስ ኖት ፋውንድ» የሚል መንፈስ ያለው ስሕተት ይዞ ቪኤሙ አልነሣ ካለ፣ የመረጣችሁት ካርድ አሁን የለም። ዶንግሉን ነቅላችሁ ይሆናል። ወይም ከሞጁሎቹ ኤፍ-ኤል-ቲ የሚጨርሰው አልተነሣም።

ዋይፋይ ላይ ብሪጅድ ማድረግ ይቻላል፣ ቨርቹዋልቦክስ ማኩን እየለወጠ ራውተሩን ለማሳመን ይሞክራል። ቤት ውስጥ ይሠራ ይሆናል። መግቢያ ገጽ ከፍቶ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ዋይፋይ ላይ ግን ቪኤሙ እንደ አዲስ እንግዳ ይቆጠራል፣ እንደገና ይግባ ይባላል። ብራውዘር የሌለው ሰርቨር ደግሞ በምን ይገባል? ወደ ናት መልሱት።

መብራት ሄዶ ሲመጣ

በኬብል የሚሠራ ዴስክቶፕ መብራት ሲመጣ ከራውተሩ ቀድሞ ሊነሣ ይችላል። በብሪጅድ ያለ ቪኤምም ቸኩሎ ተነሥቶ አይፒ ሳያገኝ ይቀራል። መጀመሪያ ራውተሩ ይረጋጋ፣ ቀጥሎ ሆስቱ ኔት ማግኘቱን በፒንግ እዩ፣ ከዚያ ቪኤሙን አስነሡ።

ላፕቶፕ ከሆነና ባትሪው ሊያልቅ ሲል ቪኤሙን በ«ሴቭ ስቴት» ከዘጋችሁት፣ መልሳችሁ ስትከፍቱት ትናንት የነበረበትን ኔትወርክ እያሰበ ነው የሚነሣው። የኬብሉን ሳጥን አጥፍታችሁ አብሩ፣ ከዚያ «ፒንግ 10.0.2.2» ብላችሁ ከመጀመሪያው ፈትሹ። የሆስቱንም ቀን እዩ፣ የማዘርቦርዱን ትንሽ ባትሪ እስካሁን ካልቀየራችኋት።